በሽታ የለየውን ቃል ሲያደባልቀው፦ የንክኪ፣ የሕመምና የአቋም ስሜት ስያሜ ታሪክ

አንድ ሐኪም የታማሚውን ዐይን አስጨፍኖ የእግሩን ጣት በጥጥ ጫፍ እየነካ «ይሰማዎታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ትርጉም ይይዛል። ድምፄን ይሰማሉ ወይ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጥጡ ሲነካዎት ያውቃሉ ወይ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሕመም አለ ወይ ማለትም ሊሆን ይችላል። ታማሚው «አዎን፣ ይሰማኛል» ብሎ ሲመልስ ከሦስቱ የትኛውን እንደ መለሰ ከቃሉ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በተራ ጭውውት ይህ ጉዳት የለውም፤ ዐውዱ ያቃናዋል። በምርመራ ክፍል ግን የአንዲት ቃል ብዥታ የተጐዳ ነርቭ ሳይታወቅ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አካል የሚነካውን፣ የሚጐዳውንና ያለበትን አቋም የሚያውቅባቸው መንገዶች በጥናት እንዴት ከእርስ በርሳቸው እንደ ተለዩ ባጭሩ መተረክ፣ ከዚያም ታሪኩ ለአማርኛ የሙያ ቃላት ሥራ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. መዳሰስ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አምስቱን የስሜት ዓይነቶች ሲዘረዝር ከመዳሰስ ላይ ሲደርስ ተቸግሯል። ማየት የራሱ የሆነ ቀለም አለው፤ መስማትም የራሱ የሆነ ድምፅ አለው፤ መዳሰስ ግን ሙቁንና ቀዝቃዛውን፣ እርጥቡንና ደረቁን፣ ጠንካራውንና ለስላሳውን አንድ ላይ ይይዛል። እንግዲህ መዳሰስ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ጥያቄውን በግልጽ አንሥቶታል፤ ቍጥሩ ግን አምስት እንደ ሆነ ቀረ። የስሜትን ማዕከልም ከአንጐል ሳይሆን ከልብ አካባቢ አደረገው።

በ3ኛው መቶ ዓመት፣ ዘመኑ ገና ከክርስቶስ ልደት በፊት ሳለ፣ በእስክንድርያ ሄሮፊሎስና ኤራሲስትራቶስ የሰውን ሬሳ እየከፈቱ ነርቮችን ከአንጐልና ከሕብለ ሰረሰር ሲነሡ ተከታተሉ፤ የስሜትና የእንቅስቃሴ ነርቮች እንደሚለያዩም ተናገሩ። እዚህ ላይ የስያሜን ጉዳይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ግሪኮች ለነርቭ የሰጡት ስም «ኔውሮን» ቀድሞ የጅማት ስም ነበር። ነጭና ረዥም ክር የመሰለ ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራ ነበርና ነርቩን ከጅማቱ መለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። በእኛም ዘንድ «ጅማት» እና «ሥር» የሚሉት ቃላት በአነጋገር ለጅማትም፣ ለደም ቧንቧም፣ ለነርቭም ሲውሉ ኖረዋል። በትምህርት መጻሕፍት «ነርቭ» የሚለው የውጭ ቃል መግባቱ በዚህ ረገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አሮጌ ትርጉም ተሸክሞ አልመጣምና።

በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ የኖረው ሐኪሙ ጋሌን ጳውሳንያስ የተባለ ሰው ከሠረገላ ወድቆ የትንሿና የቀለበት ጣቱን፣ እንዲሁም የመካከለኛውን ጣት ግማሽ ስሜት እንዳጣ ጽፏል። ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ነገር ግን አይሰማቸውም። ሌሎች ሐኪሞች መድኀኒቱን ከጣቶቹ ላይ ያደርጉ ነበር፤ ጋሌን ግን ነርቩ ከሕብለ ሰረሰር ከሚወጣበት ከአንገት ግርጌ ላይ አደረገው። ሕመሙ የሚታይበትና ጉዳቱ ያለበት ቦታ አንድ አለመሆናቸውን፣ ስሜትም ከእንቅስቃሴ ተለይቶ ሊጠፋ መቻሉን ከዚህ እንማራለን።

ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና ደግሞ በሕክምና መጽሐፉ 15 የሕመም ዓይነቶችን በየስማቸው ዘርዝሯል። መዳሰስንም በአራት ተቃራኒ ጥንዶች፣ ይኸውም በሙቅና ቀዝቃዛ፣ በእርጥብና ደረቅ፣ በጠንካራና ለስላሳ፣ በሻካራና ልስልስ ከፍሎ እንደ አራት ስሜት ሊቈጠር እንደሚችል አመልክቷል። በዐረብኛ «ሐዋስ» የሚባሉት በግዕዝ «ሕዋሳት» ከሚባሉት ጋር በሥርወ ቃል የሚዛመዱ ናቸው፤ በቤተ ክህነት ትምህርትም አምስቱ ሕዋሳት ሲቈጠሩ መዳሰስ «ገሲስ» ተብሎ አምስተኛ ሆኖ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የቃል ታሪክ ነው፤ መንገዶቹ በዐይን ገና አልታዩም ነበር።

2. መንገዶቹ ሲለዩ

ለውጡ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1811 እንግሊዝ አገር ቻርልስ ቤል በግሉ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሕብለ ሰረሰር የፊትና የኋላ ሥሮች ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ሐሳብ አቀረበ። በ1822 ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ማዣንዲ በቡችሎች ላይ ባደረገው ሙከራ የኋላ ሥሮች ሲቈረጡ ስሜት እንደሚጠፋ፣ የፊት ሥሮች ሲቈረጡ ደግሞ እንቅስቃሴ እንደሚጠፋ በማያሻማ ሁኔታ አሳየ። የሁለቱ ደጋፊዎች ቀዳሚነትን በተመለከተ ብዙ ተከራክረዋል፤ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ስሜት በኋላው በር፣ እንቅስቃሴ በፊተኛው በር መሆኑ መታወቁ ነው።

በጀርመን አገር ኤርንስት ሃይንሪኽ ቬበር በ1834 ስለ መዳሰስ ባወጣው ጥናት የኮምፓስ ሁለት ጫፎችን በቆዳ ላይ እያሳረፈ «አንድ ነው ወይስ ሁለት?» እያለ ጠየቀ። በጣት ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ነጥቦች ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ በጀርባ ላይ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው እንኳ አንድ መስለው ይታያሉ። ቬበር በዚህ መንገድ ስሜትን በቍጥር ለካው። ሆኖም በ1846 ባሳተመው ሥራ ሕመምን ከመዳሰስ ለይቶ «የጋራ ስሜት» በሚል ጠቅላላ ስም ሥር ሲያኖረው፣ ሕመም የራሱ መንገድ የሌለው፣ ቤት አልባ እንግዳ ሆኖ ቀረ። ስሙ የተሰጠው ምርመራ ሳይደረግ በመሆኑ፣ በኋላ ለመጡት ተመራማሪዎች መፋቅ የሚገባው ስም ሆኖ ቈየ።

መንገዱን በግልጽ ያሳየው በሞሪሸስ ደሴት በ1817 የተወለደው ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር ነው። ከ1849 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች የሕብለ ሰረሰር ግማሽ ብቻ ሲቈረጥ ምን እንደሚሆን ገለጸ። በተቈረጠው ጐን ከቍስሉ በታች እንቅስቃሴና የአቋም ዕውቀት ይጠፋሉ፤ በተቃራኒው ጐን ግን ሕመምና የሙቀት ስሜት ይጠፋሉ። ታማሚው በአንድ እግሩ መራመድ ያቅተዋል፤ በሌላው እግሩ ደግሞ ተራምዶ በፍም ላይ ቢቆም አያውቅም። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቢላዋ ወደ ሁለት የተለያዩ ጐኖች ሊያጠፋቸው አይችልም ነበር።

በኋላ የተደረገው የነርቭ ክሮች ጥናት ምክንያቱን አብራርቷል። ልስልስ ንክኪን፣ ንዝረትንና የመገጣጠሚያን አቋም የሚያደርሱት ወፍራም ክሮች ወደ ሕብለ ሰረሰር በገቡበት ጐን በኋላው ክፍል በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ተቃራኒው ጐን የሚሻገሩት በአንጐል ግንድ ታችኛው ክፍል ከሚቀጥለው ነርቭ ሴል ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። የሕመምና የሙቀት መልእክት ግን ቀጫጭን ክሮች ሲያመጡት፣ እዚያው በገባበት ደረጃ አካባቢ ከሌላ ሴል ተቀብሎ ወደ ተቃራኒው ጐን ይሻገርና በፊትና በጐን ክፍል በኩል ይወጣል። ሁለቱም በታላመስ አልፈው ወደ አንጐል ቅርፊት ይደርሳሉ። ፍጥነታቸውም አንድ አይደለም፤ ወፍራሞቹ ክሮች በሴኮንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ሲያደርሱ፣ እጅግ ቀጫጭኖቹ የሕመም ክሮች ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ይጓዛሉ። እግሩ ድንጋይ የመታው ሰው መጀመሪያ መነካቱን፣ ቀጥሎ ሹል ሕመምን፣ ከዚያም ዘግይቶ የሚያቃጥል ሕመምን የሚያውቀው ስለዚህ ነው። ክሮቹን በዚህ ዓይነት በፍጥነታቸው የለዩት ጆሴፍ ኤርላንገርና ኸርበርት ጋሰር በ1944 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

3. ከአምስቱ ውጭ የቀረው ስሜት

ሰው ዐይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ ያለ ስሕተት ይነካል። እጁ የት እንዳለ የሚነግረው ማየትም መዳሰስም አይደለም። ይህ ከአምስቱ ሕዋሳት ውስጥ አልተቈጠረም፤ ስላልተቈጠረም ስም አልነበረውም።

ቤል በ1826 በአንጐልና በጡንቻ መካከል የነርቭ ክበብ አለ ሲል ጻፈ። በአንዱ ነርቭ ትእዛዝ ወደ ጡንቻ ይወርዳል፤ በሌላው ነርቭ የጡንቻው ሁኔታ ወደ አንጐል ይመለሳል። በዚያው ዘመን በበርሊን ሞሪትስ ሮምበርግ ከ1840 ጀምሮ ባሳተመው የነርቭ በሽታዎች መጽሐፉ ውስጥ የሕብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል የተጐዳበት ሰው እግሮቹን ገጥሞ ዐይኑን ሲጨፍን እንደሚወዛወዝና እንደሚወድቅ አመለከተ። ጡንቻው ጠንካራ ነው፤ ንክኪና ሕመምም በከፊል ሊኖሩ ይችላሉ፤ የጠፋው ስም ያልነበረው ስሜት ነው። በ1880 ሄንሪ ቻርልተን ባስቲያን «ኪኔስቴዚስ» የሚል ስም ሰጠው፤ የግሪክ ቃል ሲሆን የእንቅስቃሴ ስሜት ማለት ነው። ቻርልስ ሼሪንግተን ደግሞ በ1906 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ስሜቶችን እንደ ምንጫቸው ከፈላቸው፤ ከውጭ የሚመጣውን፣ ከውስጥ አካላት የሚመጣውንና ከራሱ ከአካሉ እንቅስቃሴና አቋም የሚመጣውን ለየ። ለመጨረሻው የሰጠው ስም በላቲን «የራስ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። ሼሪንግተን ስምን ከመንገድና ከሥራ አስቀድሞ አልሰጠም፤ መንገዱ ከተለየ በኋላ ስሙን አስከተለ።

ይህ ስሜት ሲጠፋ የሚሆነውን በ1971 በሕመም ምክንያት ከአንገቱ በታች የንክኪና የአቋም ስሜቱን ያጣ የ19 ዓመት ወጣት ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ጡንቻዎቹ ደኅና ነበሩ፤ ሕመምና ሙቀትም ያውቅ ነበር። ሆኖም መቆም አልቻለም። በብዙ ወራት ልምምድ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዐይኑ እየተከታተለ እንደ ገና መራመድን ተማረ፤ መብራት ሲጠፋበት ግን ይወድቅ ነበር። ታሪኩን ሐኪሙ ጆናታን ኮል በ1991 በመጽሐፍ አውጥቶታል።

4. ሕመምና የጉዳት ጥቆማ

ሕመም የራሱ መንገድ አለው ወይስ የማንኛውም ስሜት መብዛት ነው? በ1880ዎቹ ማግኑስ ብሊክስና አልፍሬድ ጎልድሻይደር በቆዳ ላይ ለብርድ፣ ለሙቀትና ለጫና የሚመልሱ የተለያዩ ነጥቦች መኖራቸውን አገኙ። ከ1894 ጀምሮ ማክስ ፎን ፍራይ በእንጨት ጫፍ ላይ ባሰራቸው የፈረስ ፀጉሮች የሕመምን ነጥቦች ለይቶ ሕመም ራሱን የቻለ ስሜት ነው ብሎ ተሟገተ። በ1912 ዊልያም ስፒለርና ኤድዋርድ ማርቲን በፊላደልፊያ የሕብለ ሰረሰርን የፊትና የጐን ክፍል በቀዶ ሕክምና በመቍረጥ ብርቱ ሕመም እንደ ተወገደ፣ ንክኪ ግን እንዳልጠፋ አስታወቁ።

በዚሁ ዘመን አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ሄንሪ ሄድ በ1903 በራሱ ክንድ ላይ ነርቭ አስቈርጦ ስሜቱ እንዴት እንደሚመለስ ከዊልያም ሪቨርስ ጋር ለዓመታት ተከታተለ። ከዚህም ተነሥቶ ጨረፍታውንና ረቂቁን ስሜት ለመለየት ሁለት አዳዲስ ቃላት ፈጠረ። ጥናቱ ትጋት የተሞላበት ነበር፤ ነገር ግን ሁለት የነርቭ ሥርዓቶች አሉ የሚለው ሐሳቡ አልጸናም፤ ቃላቱም ከሐሳቡ ጋር ደበዘዙ። በአንድ ግምት ላይ ብቻ የተሠራ ቃል ግምቱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሕመም መልእክት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት እንደሚያልፍ፣ ወፍራሞቹ የንክኪ ክሮችም በሩን ሊዘጉ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ። ዝርዝሩ በኋላ ቢታረምም፣ የተመታ ቦታ ሲታሸ ሕመሙ ለምን እንደሚቀንስ ለመረዳት መንገድ ከፍቷል። ሜልዛክ ከዚያ ወደ ቃላት ዞረ፤ በ1971 ከዋረን ቶርገርሰን ጋር የሕመም ቃላትን ሰብስቦ ከፈለ፤ በ1975ም 78 ቃላት በ20 ክፍል የተደረደሩበትን መጠይቅ አወጣ። ታማሚው የሚመርጠው ግሥና ቅጽል ለሐኪሙ መረጃ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ1979 ሕመምን የስሜትና የመንፈስ ገጠመኝ አድርጎ ሲተረጕም፣ ጉዳት በነርቭ መመዝገቡን ከሕመም ለይቶ አስቀመጠ፤ ትርጓሜው በ2020 ተሻሽሏል። አንዱ በነርቭ ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው፤ ሌላው ሰው የሚኖረው ገጠመኝ ነው።

የቅርብ ዘመን ምርምርም ልዩነቱን እስከ ዘር ቅንጣት ድረስ አውርዶታል። በ1997 በዴቪድ ጁልየስ ቤተ ሙከራ የበርበሬን ማቃጠልና ጐጂ ሙቀትን የሚቀበል ፕሮቲን ታወቀ፤ በ2010 በአርደም ፓታፑትያን ቤተ ሙከራ ጫናን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች ታወቁ፤ ሁለቱም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2006 በሰሜን ፓኪስታን ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት አንዲት የዘር ቅንጣት ስትበላሽ ሕመም ብቻ ተለይቶ እንደሚጠፋ ተገለጸ። በ2016 ደግሞ ከጫና ተቀባዮቹ አንዱ የተበላሸባቸው ሁለት ታማሚዎች ዐይናቸው ሲሸፈን የአካላቸውን አቋም እንደማያውቁ፣ ሕመምን ግን እንደሚያውቁ ተጽፏል።

5. የአማርኛ ቃላት ፈተና

አማርኛ በሕመም ቃላት ድኻ አይደለም። ራስ ይፈልጣል፤ ሆድ ይቈርጣል፤ ጐን ይወጋል፤ ቍስል ይጠዘጥዛል፤ አጥንት ይቈረጥማል፤ ቆዳ ይለበልባል። በእነዚህ ግሦች ሁሉ ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ነው፤ «ፈለጠኝ»፣ «ወጋኝ» ይላል እንጂ «ፈለጥሁ» አይልም። ሕመም ከውጭ እንደሚመጣ ባለ መሣሪያ ሆኖ ይታያል። ለመጠይቅ የሚሆን ዝርዝር ለማዘጋጀት ከውጭ ቋንቋ መተርጐም አያስፈልግም፤ ከሕዝቡ አንደበት መልቀም ይበቃል።

ችግሩ ያለው ከጠቅላላ ስሞቹ ላይ ነው። «ስሜት» ለነርቭ መልእክትም፣ ለሐዘንና ለደስታም ይውላል። «ሕዋስ» የጥንት ትርጉሙ ይህንኑ ቦታ በሚገባ ይሞላ ነበር፤ ነገር ግን በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ለሴል ተሰጥቷልና መመለስ ያስቸግራል። «ሕማም» በግዕዝ በሽታንም፣ ሥቃይንም፣ ሕመምንም ይዟል። «መዳሰስ» ደግሞ አድራጊ ግሥ ነው፤ ዳሳሹ እጁን ይዘረጋል። በምርመራ ግን ታማሚው ይነካል እንጂ አይዳስስም። «ደነዘዘኝ» የሚል ሰውም ስሜት ማጣቱን፣ መንዘሩን ወይም መዛሉን ይናገር እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አይታወቅም።

ይህ ብዥታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሥጋ ደዌ ይበልጥ የሚያሳይ የለም። ኖርዌያዊው ገርሃርድ አርማውር ሃንሰን ባክቴሪያውን በ1873 አገኘ፤ በሽታው ቆዳንና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች ያጠቃል። የእኛ ስሞች ግን ሁለቱም ነርቭን አያውቁም። «ሥጋ ደዌ» በሽታውን ከሥጋ ላይ ያኖረዋል፤ «ቁምጥና» ደግሞ የአካልን መቈረጥ ዋና ምልክት ያደርገዋል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ጣቶቹን የሚያሳጥረው በሽታው በራሱ ሥጋን መብላቱ ሳይሆን፣ ሕመም የማያውቀው እጅ ሳይታወቀው መቃጠሉና መቍሰሉ መሆኑን አሳየ። ስሜት ያጣ እጅ የጋለ ጀበና ይዞ አይለቅም፤ ስሜት ያጣ እግር በጫማው ውስጥ ባለ ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ስሙ ያስተማረን መቈረጥን ነው፤ ሊያስተምረን የሚገባው ግን አለማወቅን ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ በ1965 የተቋቋመው አለርት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ለመጡ ባለሙያዎች ይህን በሽታ የሚመለከት ትምህርት ሰጥቷል። በሥጋ ደዌ ምርመራ ነጣ ወይም ቀላ ባለ የቆዳ ምልክት ላይ ስሜት መጥፋቱ ዋና ማስረጃ ነው፤ መሣሪያውም የፎን ፍራይ ፀጉር ዝርያ የሆነ የናይለን ክር፣ ወይም የእስክርቢቶ ጫፍ ነው። እንግዲህ መላው ምርመራ በአንድ ክርና በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ክሩ በግራም ተለክቷል፤ ጥያቄው ግን አልተለካም።

6. ሐሳብ

ከላይ ከቀረበው ታሪክ አንድ መመሪያ ማውጣት ይቻላል፤ ይኸውም በሽታ አንዱን ወስዶ ሌላውን የሚተው ከሆነ ሁለቱ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም የሚል ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል።

የአካል ስሜት፦ ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ለሚመጣው ሁሉ ጠቅላላ ስም። «ስሜት» በሙያ ጽሑፍ ብቻውን አይቁም፤ ሁልጊዜ ገላጭ ይኑረው።

የንክኪ ስሜት፦ መነካትን ማወቅ። «መዳሰስ» በእጅ ፈልጎ ለማወቅ ብቻ ይቆይ።

የሕመም ስሜት እና የጉዳት ጥቆማ፦ የመጀመሪያው ለገጠመኙ፣ ሁለተኛው ለነርቩ ሥራ። የጉዳትን መልእክት የሚቀበለው ነርቭ «ጉዳት ጠቋሚ ነርቭ» ይባል።

የአካል አቋም ስሜት፦ ለሼሪንግተን ቃል። በግዕዝ «ርእስ» የራስነት ትርጉም ስላለው «ርእሰ ስሜት» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የዛሬው አንባቢ ጭንቅላትን ያስባል። «የብልት አቋም» ማለትም ለሥጋ ቤት እንጂ ለምርመራ ክፍል አይሆንም። «አቋም» በፖለቲካ አነጋገር ቢለመድም «የአካል» የሚለው ገላጭ ያቃናዋል።

ድንዛዜ፦ ስሜት ማጣት ብቻ። መንዘር፣ መውጋትና መዛል በየራሳቸው ግሥ ይጻፉ።

ስያሜ ለመዝገበ ቃላት ብቻ አይሠራም፤ ለጥያቄም ይሠራል። ስለዚህ «ይሰማዎታል?» በሚለው ምትክ ለንክኪ «የነካሁበትን በጣትዎ ያመልክቱ»፣ ለሕመም «ሹል ነው ወይስ ዱልዱም?»፣ ለሙቀት «ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?»፣ ለአቋም «ጣትዎ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?» ቢባል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መንገድ ብቻ ይፈትናል፤ በአዎንታ ብቻ የሚመለስም አይሆንም። ቃላቱ የተሻለ ምትክ ካገኙ ይለወጡ። ሊለወጥ የማይገባው መለየታቸው ነው፤ ምክንያቱም የሕብለ ሰረሰር መንገዶች የተለያዩት መዝገበ ቃላታችንን ጠብቀው አይደለም።